ስምንቱ የተጣሉ መስመሮች

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ እንኳን ልመነጠር፣ ሰው «ደህና አደርሽ?» ሲለኝ ምን ፈልጎ ነው የምል ሴት ነኝ። ባሌ ሊያበሽቀኝ ሲፈልግ «ካንቺ ጋር መኖር ኬላ ላይ እንደ መኖር ነው፤ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር እፈተሻለሁ» ይላል። ይበል። የዓይን ሆስፒታል መመዝገቢያ መስኮት ላይ አሥራ ስድስት ዓመት የተቀመጠ ሰው ካልጠረጠረ ማን ይጠርጥር? የሰው ወረፋ የሚቀማው፣ በሟች ካርድ የሚታከመው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ትናንት ነበር እኮ ቀጠሮዬ» የሚለው፣ ሁሉም የሚያልፈው በኔ መስኮት በኩል ነው። የሥራ ባልደረቦቼ «ወንፊት» ብለው ስም አውጥተውልኛል። ስድብ መስሏቸው ነው እንጂ እኔን ደስ ነው ያለኝ።

በዓመት አንዴ እንግዳ ሐኪሞች መጥተው ለአሥር ቀን የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ያወጣሉ። በሽተኛው ብዙ፣ ቀኑ ጥቂት ነውና ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ዓይን። ሁለቱም ዓይኑ ቢታወር እንኳ አንዱ ብቻ ይሠራለታል፣ ሌላው ለከርሞ። ምዝገባው በሁለት ጤና ጣቢያ ነው፣ በላይኛውና በታችኛው። እያንዳንዳቸው የመዘገቡትን ሰው በሠንጠረዥ ይልኩልኛል፤ ሁለቱን ሠንጠረዥ አንድ የማድረጉ ሥራ የኔ ነው።

አምና አንዱን ከአንዱ ሥር በእጄ ገልብጬ ቀጠልኳቸው። በኋላ ሲጣራ አምስት ብልጦች በሁለቱም ጣቢያ ተመዝግበው፣ በተለያየ ቀን ተቀጥረው፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን አሠርተው ሄደዋል። ሌሎች አምስት ሰዎች ደግሞ በራችን ላይ እንደተቀመጡ ሐኪሞቹ ሻንጣቸውን ዘጉ። ዳይሬክተሩ በስብሰባው ላይ የማንንም ስም አልጠራም፤ ሲናገር የሚያየው ግን እኔን ነበር። ያን ቀን ለራሴ ማልኩ፤ ዘንድሮ አንድ ሰው አያታልለኝም።

ዘንድሮ ሠንጠረዦቹ ሲመጡ ፎቅ ላይ ያለውን ፕሮግራመር ጠራሁት። ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ ሰው ደግሞ አላምንም። ዩኒየን የሚባል ፋንክሽን፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ የሚሰጥ ትእዛዝ፣ እንዳለ ነገረኝ። የዓምዶቻቸው ቁጥርና ቅደም ተከተል አንድ የሆነ ሁለት ሠንጠረዥ ሲሰጡት አንዱን ከሌላው ሥር ይቀጥለዋል፤ በዚያ ላይ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የሆኑ መስመሮች ካገኘ አንዱን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይጥላል። ይህን ስሰማ ልቤ ሞቀ። አምና ይሄን የመሰለ ዘበኛ ቢኖረኝ ኖሮ!

ግን አንድ ችግር ነበር። ለበሽተኛው ምስጢር ሲባል ሠንጠረዡ ላይ ስም አይጻፍም። ያለው የስሙና የአባቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል፣ የልደት ቀን፣ ስልክና የካርድ ቁጥር ነው፤ የትኛው ዓይን እንደሚሠራ ሐኪሙ በቀኑ ይወስናል። ካርዱን ደግሞ ሁለቱም ጣቢያ ከአንድ ጀምረው ነው የሚቆጥሩት። ስለዚህ ሁለት ቦታ የተመዘገበ ሌባ ላይ አሥራ ሁለት፣ ታች ዘጠና ይሆናል፤ በዚያች ቁጥር ብቻ መስመሮቹ ይለያዩና ዩኒየን ሁለቱንም ያሳልፋቸዋል። ምን ይደረግ? የካርድ ቁጥሩን ዓምድ ላወጣው ወሰንኩ።

ፕሮግራመሩ ራሱን አከከ። «እትዬ፣ ቁጥሩን ካወጡት እኮ ሁለት የተለያየ ሰው አንድ ሊመስል ይችላል» አለኝ።

በአንድ ቀን የተወለዱ፣ ስማቸውም የአባታቸውም ስም በአንድ ፊደል የሚጀምር፣ በአንድ ስልክ የሚደወልላቸው ሁለት ሰዎች የት ነው የሚኖሩት ብዬ ጠየቅኩት፤ ተረት ውስጥ? ልጁ ኮምፒውተሩን ወደኔ ገፋልኝ። አክስቱ ላይኛው ጣቢያ መመዝገቧን ከሁለት ቀን በፊት ሰምቼ ነበር። አሃ፣ አልኩ በሆዴ፣ ለአክስትህ ቀዳዳ ልታበጅላት ነው። ዓምዱን እዚያው ፊቱ ላይ ሰረዝኩት።

ላይኛው ጣቢያ ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ ታችኛው ሁለት መቶ ሦስት፤ ድምሩ አራት መቶ አሥራ ሰባት። ዩኒየን ያወጣልኝ አራት መቶ ዘጠኝ። ስምንት መስመር ተጥሏል። ስምንት ሌባ! እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወዲያው በስምንቱ ቦታ ከተጠባባቂዎች ስምንት ሰው አስገባሁ። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ስትሰማ እነማን እንደሆኑ አይቻቸው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሌባን ማየት ምን ያደርግልኛል አልኳት። «እንዲያው አንዴ ብታያቸው» አለች። እሷም ዘመድ አስገብታ ይሆናል ብዬ በጎን አየኋትና ወሬ ቀየርኩ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ነው። ወደ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት የዘበኛውን ክንድ ይዘው መስኮቴ ጋ ደረሱ። ቡናማ ሻርፕ፣ ስንጥቅ አገጭ፣ ትልቅ ጥቁር መነጽር። የእህታቸው ልጅ በር ድረስ አምጥታቸው ወደ ሥራዋ ሮጣለች። እስካሁን ስላልተደወለላቸው ሊጠይቁ እንደመጡ ነገሩኝ። ፊደላቸውን፣ የልደት ቀናቸውንና ስልካቸውን ተቀብዬ ፈለግኩ። መስመሩ ወዲያው ወጣ፤ ቀኝ ዓይን፣ ማክሰኞ ተሠርቷል።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊቱንማ አውቀዋለሁ! ማክሰኞ በዚችው መስኮት የተቀበልኩት እኔው ነኝ፤ ያው አገጭ፣ ያው ግንባር። ከሁሉም የገረመኝ መነጽሩ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለበሽተኞቻችን የምንሰጠው ጥቁር መነጽር ነው፤ ጎኑ ላይ የኛ ቀይ ምልክት አለበት። የኛን መነጽር አድርጎ ለሁለተኛ ዓይን መምጣት! ድፍረት እንዲህ ነው።

«ማክሰኞ ተሠርቶልሻል» አልኳቸው። በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው፤ አንቺ አልኳቸው።

«እኔ አይደለሁም፣ እህቴ ናት። መንታ ነን» አሉ። አልጮኹም፤ ሰዓት የተጠየቁ ያህል ነው የመለሱት።

«ሌባ ሁሉ መንታ አለው» አልኩ፣ ሰልፉ እንዲሰማ አድርጌ።

ሰልፈኛው ሳቀ። የተሰለፈ ሰው እንደዚያ ነው፤ አንድ ሰው ሲባረር እሱ አንድ እርምጃ ይጠጋል። ሴትዮዋ በመስኮቱ ቀዳዳ ወረቀት አሾለኩ። የታችኛው ጣቢያ ካርድ ነበር፣ ቁጥር መቶ ሠላሳ አንድ። እኛ በቁጥር አንሠራም ብዬ ስሙን ሳላነብ መለስኩላቸው። ካርዱን አራት ቦታ አጠፉት፣ ደረታቸው ውስጥ ከተቱትና እንግዲያው መቼ እንደሚመጡ ጠየቁኝ። ለከርሞ አልኳቸው። ዞረው ሲሄዱ በሩን ስተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱ። እኔ የማየው ሁሉ ማስመሰል ነበር፤ እንዲያውም ትወናው ለጉድ ነው ብያለሁ።

ከምሳ በኋላም ንዴቴ አልበረደም። ስምንቱንም በስማቸው ጽፌ ለዳይሬክተሩ ላቀርብ ተነሳሁ፤ ለከርሞ ደጃችንን እንዳይረግጡ። ምንም ሳይጥል ሁሉንም የሚቀጥል ዩኒየን ኦል የሚባልም እንዳለ ፕሮግራመሩ ነግሮኝ ነበር። የካርድ ቁጥሩን መለስኩ፣ የጣቢያውን ስም ጨመርኩና አስኬድኩት። አራት መቶ አሥራ ሰባቱም ወጡ። ከመካከላቸው ስምንቱን ጥንድ ለቅሜ፣ ሙሉ ስማቸውን ከመዝገብ እንዲያነቡልኝ ወደ ጣቢያዎቹ ደወልኩ።

ሰባቱ ጥንድ ላይም ታችም አንድ ስም ነበሩ። ሰባት የለየላቸው ሌቦች። የፕሮግራመሩ አክስት ከነሱ ውስጥ የለችም፤ አንዴ ነው የተመዘገበችው። ስምንተኛው ጥንድ ከላይ ሰማንያ ስምንት፣ ከታች መቶ ሠላሳ አንድ ነበር። የታችኛው ጣቢያ መዝጋቢ ስሙን አነበበልኝ። ከላይኛው ጋር የአባታቸው ስም አንድ ነው፣ የራሳቸው ግን ይለያል። ድገምልኝ አልኩት። ደገመው። ይሄም ሰውዬ ዘመዳቸው ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩና ወደ ላይኛው እንደገና ደወልኩ። የላይኛዋ መዝጋቢ ሳትፈልግ አስታወሰቻቸው።

«ሁለት መንታ እህትማማቾች አይደሉ? እንዴት እረሳቸዋለሁ። የዚያን ቀን አንድ ካርድ ብቻ ነው የቀረኝ፤ አንቺ ውሰጂ፣ አይ አንቺ ቅደሚ እየተባባሉ ጠረጴዛዬ ላይ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ አንዷን መዝግቤ ሌላዋን ወደ ታች ላክኳት።»

ስልኩን አስቀመጥኩ።  የሚኖሩት አንድ ቤት ነው፤ ስልኩ የእህታቸው ልጅ ስልክ ነው፤ የተወለዱት አንድ ቀን ነው፤ ስማቸውም በአንድ ፊደል ይጀምራል። ሊያለያያቸው የሚችለው ያቺ የካርድ ቁጥር ብቻ ነበረች፤ እሷንም ሌባ እይዛለሁ ብዬ በገዛ እጄ ሰረዝኳት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ወደ ሲስተር ሮጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ የኛን መነጽር አድርገው እንደነበር ሁለት ጊዜ ደጋገምኩ። መነጽሩን እህትየዋ አውሰዋቸው ይሆናል አለችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«መነጽሩን አስወልቀሽ አየሻቸው?»

አላየሁም። አንድ ጊዜ ያውልቁት ብል ኖሮ ሁለት ነጭ ብሌን አይ ነበር። ሲስተር ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር፤ በቀጥታ ወደ ሐኪሞቹ ገባች። ስትወጣ ነገ ግማሽ ቀን ብቻ እንደሚሠሩ፣ ከወረፋው በላይ አንድ ሰው ለመጨመር እንደተስማሙ፣ ግን እስከ አራት ሰዓት ካልደረሰ እንደማይቀበሉ ነገረችኝ። ከዚያ ካለፈ ሴትዮዋ ሌላ አንድ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሊዳብሱ ነው።

የእህታቸው ልጅ ስልኳን አነሳች። ከየት እንደምደውል ስትሰማ «ደሞ ምን ልትሏት ነው?» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ አላነሳችም። አድራሻውን ከታችኛው ጣቢያ ለመንኩና በነጋታው አንድ ሰዓት ሲሆን ከሸክላ ጡብ መጋዘን ጀርባ ያለው ቅያስ ውስጥ ገባሁ። የቆርቆሮ በር ነው። ከበሩ እስከ ቤቱ፣ ከቤቱ እስከ መጸዳጃው፣ በወገብ ልክ ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ በእጅ ብዛት ጠቁሯል። 

የከፈቱልኝ ማክሰኞ የተሠራላቸው እህት ናቸው። ትናንት ያባረርኩት ፊት ቆሞ ሲያየኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ከጀርባቸው፣ የቤቱ ደፍ ላይ፣ ያው ፊት እንደገና ተቀምጧል። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት የተቀመጡት ቀደሙኝ።

«ድምፅሽን አውቄዋለሁ። ፖሊስ ይዘሽ መጣሽ?»

ብቻዬን እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

«ስለማላይ ነው ብቻዬን ነኝ የምትዪኝ?»

የማክሰኞዋ እህት አንገታቸውን በበሩ አውጥተው ቅያሱን ላይና ታች ቃኙት። አዲስ ዓይናቸው ነው፤ ቀስ ብለው ነው የሚያዩበት። ብቻዋን ናት ብለው መሰከሩልኝ። ከተማ ውስጥ የሁሉን ሰው ኪስ የምጠረጥር ሰው፣ ደጃፍ ላይ ቆሜ ተፈተሽኩ። ሐኪሞቹ እየጠበቁ እንደሆነ፣ እስከ አራት ሰዓት ካልደረስን እንደማይሆን ተናገርኩ። አላመኑኝም። ወስደሽ ልታስፈርሚኝ ይሆናል አሉ፤ ማክሰኞ የተሠራላትንም ልትከሷት ይሆናል አሉ። የሚሉት ሁሉ እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን የምለው ነው። ምን ብዬ ልከራከር?

ያለኝ እውነቱ ብቻ ነበር፤ እሱን ተናገርኩ። ስለ ሁለቱ ሠንጠረዥ፣ አንዱ ከአንዱ ሥር ስለሚቀጠልበት ፋንክሽን፣ የተመሳሰለውን መስመር አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ስለመጣሉ። ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙኝ።

«እንግዲህ የጣለኝ ማሽኑ ነው ወይስ አንቺ?» አሉ።

ማሽኑ ነው ለማለት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አምናም ለዳይሬክተሩ ጥፋቱን በጣቢያዎቹ አላክኬ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እሱ ያዘዝኩትን ነው የሠራው። ልጁም ተው ብሎኝ ነበር። እርስዎንም መነጽርዎን አስወልቄ ባይ ኖሮ ይበቃ ነበር፤ አላየሁም።»

 ሰዓቴን ሳየው ሁለት ተኩል ሊሆን ነው።  በመጨረሻ ያባረርኳቸው እናት ተነስተው ገመዱን ያዙ።

«ትናንት ሌባ ያልሽኝ በሰው ፊት ነው» አሉኝ። «እዚህ ቅያስ ውስጥ ብትለማመጪኝ ማን ይሰማሻል? ሁለታችንንም ትወስጂናለሽ። እዚያው መስኮትሽ ላይ፣ ሰዉ በተሰለፈበት፣ ትቆጥሪናለሽ። ካልሆነ አልሄድም።»

እሺ አልኩ። ታክሲ ተሳፈርን። መንገዱ ተዘጋግቶ ስንደርስ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ነበር። ሰልፉ እስከ አጥሩ ደርሷል። ሁለቱን እህትማማቾች ከመስኮቴ ፊት ጎን ለጎን አቆምኳቸውና ከውስጥ ሳይሆን ከውጭ፣ ከሰልፈኛው ጋር ቆምኩ። አሥራ ስድስት ዓመት ስሠራ ያቺን መስኮት ከዚያ በኩል አይቻት አላውቅም። መስታወቱ ቆሻሻ ነው፤ ከውስጥ ያለው ሰው ፊቱ አይታይም።

ትናንት እዚህ እኚህን እናት ሌባ ብዬ ነበር አልኩ።  ዝርዝሩ ላይ ሁለቱን አንድ ሰው ያደረግኳቸው እኔ ነኝ፤ ስህተቱ የኔ ነው፤ ሌባ አይደሉም። ከዚያ የማክሰኞዋን እህት ትከሻ ነካሁና «አንድ» አልኩ። ያባረርኳቸውን ነካሁና «ሁለት» አልኩ።  ከኋላ አንድ ሰው «ዘመዷን ልታስገባ ነው እኮ!» ሲል ሰማሁ። ልናደድበት አልቻልኩም፤ የኔው ልጅ ነው የሚመስለው። ገብቼ ዩኒየን ካወጣልኝ ዝርዝር ሥር አራት መቶ አሥረኛውን መስመር በእጄ ጻፍኩ፤ የካርድ ቁጥር መቶ ሠላሳ አንድ ብዬ። ሲስተር አራት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው።

ፋሻው የተነሳው በማግስቱ ነው። ሐኪሞቹ ሄደዋል፤ የምታነሳው ሲስተር ናት። ማንም አልጠራኝም፤ ራሴ ሄጄ በሩ ጋ ቆምኩ። የማክሰኞዋ እህት ከአልጋው ፊት ለፊት ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። ፋሻው ሲወርድ ሴትዮዋ ብዙ ጊዜ ዓይናቸውን አርገበገቡ፤ ውሃ ወረደው። ከዚያ እህታቸውን አተኩረው አዩ።

«እንዴት አርጅተሻል!» አሏቸው።

«ያው የራስሽን ነው ያየሽው» አሉ እህታቸው። ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ሲስተርም ዓይንዎን አይንኩ እያለች አብራ ሳቀች። እኔ ሹልክ ብዬ ልወጣ ስል የመስኮቷ ሴትዮ የት እንዳለች ሲጠይቁ ሰማሁ። ሲስተር ወደኔ ጠቆመች። ቀረብኩ። ከግንባሬ እስከ አገጬ፣ ከአገጬ እስከ ግንባሬ አዩኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሰው ሳይ እንዲህ ቀስ ብዬ አንድ ፊት አይቼ አላውቅም።

«ክፉ ፊት ነበር የጠበቅኩት» አሉኝ። «ለካ እንደ ማንኛውም ሰው ነሽ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።